ስለ ኔትወርክ ስዊች፥ ተያይዞም እንደ አንድ ስለሚሠራው መሣሪያ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የስልክ ሽቦ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ተዘረጋ። ከዚያም ወዲህ በነበሩት ብዙ ዓመታት፥ በስልክ ቤት ስልከኛ ተቀምጦ የጠሪውን መስመር ከተጠሪው መስመር ጋር ያገናኝ እንደ ነበር ሽማግሎች ያስታውሳሉ። ዛሬ በአንድ ቤት ያሉ ኮምፒዩተሮች ሲላላኩ የስልከኛውን ሥራ የሚሠራው ስዊች የሚባለው መሣሪያ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር 48 ቢት ርዝመት ያለው የራሱ ቁጥር አለው። ስዊቹ ይህን ቁጥር በየትኛው መሰኪያ በኩል እንዳየው ይመዘግባል፤ ከዚያም በኋላ ለዚያ ቁጥር የተላከውን መልእክት ወደዚያው መሰኪያ ብቻ ይልካል። ቁጥሩን ገና ያላወቀው እንደ ሆነ ግን መልእክቱን ከመጣበት በቀር ወደ ሌሎች መሰኪያዎች ሁሉ ያሰራጫል።

ስዊች ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ገመድ ሲሰኩበት የሚሠራ፥ ነገር ግን ትእዛዝ የማይቀበል ነው፤ ዋጋውም ይረክሳል። ሁለተኛው በአስተዳዳሪ የሚታዘዝ ነው። በአገራችን በ1990ዎቹ ዓመታት ወረዳኔትና ስኩልኔት ከተጀመሩ ወዲህ፥ የመንግሥት ጽሕፈት ቤትና ት/ቤት በመረብ መሥራት ጀምረዋል። ስለዚህ በአዘናም ሆነ በሌላ ስፍራ ለት/ቤት ዕቃ ገንዘብ የሚያዋጣና የሚያስገዛ ሰው፥ የሁለቱን ልዩነት አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

አንድ ተማሪ ባለማወቅ የአንዱን ገመድ ሁለት ጫፍ በአንዱ ስዊች ላይ ቢሰካ፥ መልእክቱ እየዞረና እየበዛ ሄዶ መረቡን ሁሉ ያፍነዋል። ይህ በፈተና ቀን ቢሆን የብዙ ልጆች ድካም ይቋረጣል። ራዲያ ፐርልማን የምትባል አሜሪካዊት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ለዚህ ዘዴ አገኘች፤ ይኸውም ስዊቾቹ ተመካክረው ክብ የሠራውን መንገድ አንዱን ይዘጉታል፥ ሌላው መንገድ ሲበጠስም የተዘጋውን ይከፍቱታል። የሚታዘዘው ስዊች ይህን ዘዴ ይዞ ይገኛል።

ሁለተኛው ጥቅም መረቡን መከፋፈል ነው። በአንድ ስዊች ላይ የተማሪዎችን፥ የመምህራንንና የገንዘብ ቤትን መስመር እንደ ሦስት ግቢ አድርጎ መለየት ይቻላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1998 በወጣው ደንብ መሠረት እስከ 4094 የሚደርስ ክፍል ሊሠራ ይችላል። እንዲህ ከሆነ በተማሪ ክፍል የተቀመጠ ሰው የውጤት መዝገብ ያለበትን መስመር አያገኝም። ነገር ግን ከፋብሪካው የመጣው የይለፍ ቃል ካልተለወጠ፥ በሩ ተዘግቶ ቁልፉ በደጅ እንደ ተሰቀለ ነው።

ሦስተኛው በአንዳንዶቹ ስዊቾች ላይ የሚገኝ ነው፤ በመረቡ ገመድ የኤሌክትሪክ ኀይል ይልካሉ። በመጀመሪያው ደንብ ስዊቹ በአንድ መሰኪያ እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል። 24ቱ መሰኪያዎች ሁሉ ሙሉውን ቢወስዱ 369.6 ዋት ይሆናል። ስለዚህ ስዊቹ በጠቅላላው ስንት ዋት እንደሚያወጣ ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም።

አሁን ስለ መያያዙ እንናገር። አንድ ት/ቤት 60 ኮምፒዩተርና 6 ስልክ አለው ብንል 66 መሰኪያ ያስፈልገዋል፤ ባለ 24 መሰኪያ የሆኑ ሦስት ስዊቾች 72 ይሰጡታል። እነዚህ ለየብቻ ቢሆኑ ትእዛዙን ሦስት ጊዜ መጻፍ ግድ ነው። የሚያያዙ ከሆኑ ግን በልዩ ገመድ በክብ ተጋጥመው እንደ አንድ ስዊች ይታዘዛሉ። ከመካከላቸው አንዱ አለቃ ይሆናል፥ ሌላውም ምክትል ሆኖ ይጠብቃል፤ አለቃው ቢጠፋ ምክትሉ ይተካል። ከማያያዣው ገመድ አንዱ ቢበጠስ መልእክቱ በሌላው አቅጣጫ ይዞራል። ዋናው ኮምፒዩተር በሁለት ገመድ ከሁለት ስዊቾች ጋር ቢታሰር፥ አንዱ ስዊች ቢሞት እንኳ ሥራው አይቆምም።

ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአንዱ ፋብሪካ ስዊች ከሌላው ፋብሪካ ስዊች ጋር በዚህ መንገድ አይያያዝም፤ የአንዱ ፋብሪካም ቢሆን ዓይነቱና ሶፍትዌሩ እንዲስማማ ያስፈልጋል። ሦስቱም በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ካሉ መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ፤ ስለዚህ ባትሪ ያሻቸዋል። የመዳብ ገመድ ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም። በአዊ ምድር ክረምቱ ብርቱ ነውና፥ ከአንዱ ሕንጻ ወደ ሌላው የመብረቅን ኀይል የማያስተላልፈው የፋይበር ገመድ ቢዘረጋ ይሻላል። የትእዛዙም ግልባጭ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ፤ ስዊቹ ቢበላሽ የተተካው በዚያው ይቀናልና።

ጥቂት ኮምፒዩተር ብቻ ላለው ት/ቤት የሚያያዝ ስዊች መግዛት ትርፍ ወጪ ነው፤ በአስተዳዳሪ የሚታዘዝ አንድ ስዊች ይበቃዋል። የሕዝብ ገንዘብ በጥንቃቄ የሚወጣው፥ ገዢው የሚያስፈልገውን ቆጥሮ ሲገዛ ነው።

የመልመጃ ጥያቄ።
1. ስዊች የኮምፒዩተሩን ስፍራ በምን ያውቃል?
2. 90 መሰኪያ ለሚያስፈልገው ት/ቤት ባለ 24 መሰኪያ ስዊች ስንት ይበቃዋል? ስንትስ ይተርፈዋል?
3. የተያያዙት ስዊቾች አለቃ ቢጠፋ ሥራው ስለ ምን አይቆምም?