ሄሞፊሊያና የዳሌ መጋጠሚያ

ሄሞፊሊያ ደምን የሚያረጋው ፋክተር 8 ወይም 9 በማነሱ የሚመጣ፣ በአብዛኛው ወንዶችን የሚይዝ የዘር ሕመም ነው። አንዳንዴ የሚታወቀው ልጁ ተገርዞ ደሙ አልቆም ሲል ነው።

ደም አዘውትሮ የሚፈሰው ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና ክርን ውስጥ ነው። የዳሌው ግን ስውር ነው፤ እብጠቱ ከውጭ አይታይም። በሽተኛው ብሽሽቱን ያመዋል፣ ጭኑን አጥፎ ይተኛል። በልጅ ላይ የተጠራቀመው ደም ወደ ጭን አጥንት ራስ የሚሄደውን ደም አግዶ አጥንቱን ሊገድለው ይችላል። የጭኑ ፊት ከደነዘዘ ግን የፈሰሰው ከመጋጠሚያው ፊት ባለው ጡንቻ ውስጥ ይሆናል ብለን እንጠረጥራለን፤ በአልትራሳውንድ ይለያል።

አጥብቀን የምንናገረው ስለ ወጌሻ ነው። ለወለምታ እጁ የተባረከ ወጌሻ እናውቃለን፤ ይህን ዳሌ ማሸትና መጎተት ግን መድማቱን ያባብሳል። አስፕሪንም፣ ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌም አይሰጥ። የሚበጀው ፋክተሩን ወዲያው በደም ሥር መስጠት፣ ማሳረፍ፣ በክራንች መሄድ፣ ሕመሙ ሲበርድም በፊዚዮቴራፒ ጡንቻውን ቀስ በቀስ ማጠንከር ነው። ያለቀ መጋጠሚያ፣ ፋክተር እየተሰጠ፣ በቀዶ ሕክምና በሰው ሠራሽ ይተካል። አገር ቤት ላለ ቤተሰብ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን እንጠቁማለን።

ጀርወል ያለን ደግሞ ለዑምራ የሚመጣ ዘመድ እንቀበላለን። በሰፋና በመርዋ መካከል 7 ጊዜ መመላለስ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳሌው የተጎዳ በተሽከርካሪ ወንበር መፈጸም ይፈቀድለታል፤ ወንበሩን ገና ሳይጀምር ይያዝ።