ስለ ኑር፦ ለደሴው ደረሳ

ልጄ፣ ባለፈው ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ሐረጎ ላይ፣ «መንዙማ ስሜት ነው፤ እውቀት ያለው ኪታብ ውስጥ ነው» አልከኝ። ሚኒባሱ ሰው ስለሞላው ዝም አልኩህ እንጂ መልስ አጥቼ አልነበረም። መልሴ ይኸው።

1. መጀመሪያ መንጢቅህን፣ የአመክንዮ ትምህርትህን፣ ጨርስ። ኢማም ገዛሊ ፈላስፎቹን በ20 ጉዳይ ሞግተው በ3ቱ ኩፍር ፈርደውባቸዋል፦ ዓለም መጀመሪያ የለውም፣ አላህ ዝርዝሩን አያውቅም፣ ሥጋ አይቀሰቀስም በማለታቸው። መንጢቁን ግን አልጣሉትም። «ሙስተስፋ» የተባለውን የኡሱል ኪታባቸውን የከፈቱት በእሱው ነው።

2. መንዙማ ላይ «ኑር»፣ ብርሃን፣ ሲባል ቆም በል። ሱረቱ ኑር ውስጥ ያለችውን የመብራት ማኖሪያ በቃልህ ታውቃታለህ። በ1037 እ.ኤ.አ. የሞተው ኢብኑ ሲና በአቅል ደረጃዎች ፈታት፦ ማኖሪያዋ ገና ምንም ያላወቀ አቅል፣ ዘይቱ ሳይለፉበት ብልጭ የሚል መረዳት፣ እሳቱ ደግሞ ከውጭ መጥቶ የሚያቀጣጥለው «አል-ዓቅሉል ፈዓል» ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት ገዛሊ «ሚሽካቱል አንዋር» ላይ ያችኑ መብራት አነሡ። ማኖሪያዋን የስሜት ሕዋሳት፣ ብርጭቆውን ምናብ፣ መብራቱን አቅል አሉ። ዘይቱን ግን ለነቢያትና ለአንዳንድ ወሊዮች ብቻ ለሚሰጥ መንፈስ አስቀሩት። አየህ፣ አፈታቱን ከፈላስፋው ወሰዱ፤ ዘይቱን አልሰጡትም።

ደረሳ ሳለሁ «የማንኛቸው ነው ልክ?» ብዬ ሸኼን ጠየቅኳቸው። ኩራዙ ሊጠፋ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ጋዝ ጨምርበት» ብለውኝ ወደ ፊቅሁ ተመለሱ።

3. ተውሒድ ስትቀራ «ዋጂብ፣ ሙስተሒል፣ ጃኢዝ» (ግድ፣ የማይቻል፣ የሚቻል) ትላለህ። «ዋጂቡል ውጁድ»ን፣ መኖሩ ግድ የሆነ የሚለውን ቃል፣ ያስለመደው ኢብኑ ሲና ነው፤ በ1240 እ.ኤ.አ. የሞቱት ኢብኑ ዓረቢም ተጠቅመውበታል። ቃሉ አንድ ነው ብለህ ሰዎቹን አንድ አታድርጋቸው።

4. አማርኛህን አትናቅ። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ሙስሊሙ ይጠመቅ ሲባል አሻፈረኝ ካሉት አንዱ ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር፣ አማርኛ መንዙማ በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል። ዐረብኛ ጠፍቷቸው አይደለም።

5. ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ ስትወጣ ደብተር ያዝ። ከድቤው ራቅ ብለህ፣ ሽማግሎቹ አጠገብ ተቀመጥ። «ኑር» በተባለ ቁጥር ስንኙን ጻፈው፤ ቤት ለመምታት ብቻ የገባውም አይጠፋም፣ ሁሉም ፍልስፍና አይደለም። ስትመለስ አብረን እንለየዋለን። እስከዚያ መነጽሬን አሠርቼ እጠብቅሃለሁ፤ አብሽር።