የሱስንዮስ አዋጅና የሮም ጳጳስ ቀዳሚነት፦ አንድ ታሪካዊ ተቃውሞ ሲመረመር

ከወረታ ተነሥቶ የርብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ጎንደር ለሚጓዝ ሰው የሮም ጳጳስ ሥልጣን ከመጻሕፍት ብቻ የሚቀዳ ክርክር አይደለም። ከፎገራ ሜዳ በስተ ሰሜን በሚገኘው ደንቀዝ፣ ዐፄ ሱስንዮስ በ1626 እ.ኤ.አ. ለጳጳሱ መታዘዛቸውን በይፋ ማሉ፤ በ1632 ደግሞ ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ። ተቃውሞው ከዚህ ይነሣል፤ ሥልጣኑ በእውነት ከጴጥሮስ የተወረሰ ቢሆን ኖሮ አገርን ለእርስ በርስ ጦርነት ባልዳረገ ነበር ይባላል።

በካቶሊካውያን ዘንድ የተለመደው መልስ ጥፋቱን በፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ላይ መጣል ነው። ሜንዴዝ የተጠመቁትን ዳግም ማስጠመቁ፣ ካህናትን ዳግም መካኑ፣ ጾምንና በዓልን በላቲን ልማድ መለወጡ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሜንዴዝ ራሱን የሾመ አልነበረም፤ መልሱ በዚህ ካበቃ ተቃውሞውን ሸሸው እንጂ አልፈታውም።

የተሻለው መልስ የትምህርቱን ወሰን መለየት ነው። የ1870ው የቫቲካን ጉባኤ አለመሳሳትን የሰጠው ጳጳሱ በሙሉ ሥልጣኑ ስለ እምነትና ስለ ምግባር ለሚበይነው ብቻ ነው፤ ሹመትና የስብከት ስልት በዚህ ውስጥ አይገቡም። ያው ጉባኤ ጳጳሱ በአስተዳደርም ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ስለሚያስተምር ግን ክርክሩ በዚህ አይዘጋም። ወሳኙ ማስረጃ በ1439 የወጣው የፍሎረንስ ጉባኤ ድንጋጌ ይመስለኛል፤ የሮምን ቀዳሚነት ሲበይን የምሥራቅ ፓትርያርኮች መብትና ክብር እንዲጠበቅ አብሮ ደንግጓልና። እንግዲህ ቀዳሚነትን መቀበልና ላቲናዊ መሆን አንድ አይደሉም። (በ1442 ለግብጻውያን የተሰጠው ድንጋጌ ግዝረትንና ቀዳሚት ሰንበትን ማክበርን መከልከሉ ከዚህ የከበደ ጥያቄ ነው፤ ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል።)

ልዩነቱ በተግባር የታየው ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ጎጃሜው መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል በ1841 ወደ ግብጽና ወደ ሮም ከተጓዘው መልእክት ጋር ሄደው፣ በ1844 ያለ ንጉሥ አዋጅ የሮምን ኅብረት ተቀበሉ። አቀባበሉን የመሩት አቡነ ያዕቆብ ዴ ያቆቢስም የግዕዙን ሥርዓት ጠብቀዋል። ይህ የትምህርቱን እውነትነት ብቻውን አያረጋግጥም፤ ሥልጣኑ ከመንግሥት ግዳጅ ሊለይ እንደሚችል ግን ያሳያል። በሱስንዮስ ዘመን ግዳጁ ከቤተ መንግሥት የመጣው ለሮም ወገን ሆኖ ነበር፤ አባ ገብረ ሚካኤል ግን በ1855 በሰንሰለት ታስረው የሞቱት ያንኑ ሮምን አልክድም በማለታቸው ነው።