የአንድ ዓመት ከንቲባ

ሹመት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሥልጣን ያለበት ሹመት ነው፤ ሹሙ ያዛል፣ ይፈርዳል፣ ያስገብራል። ሁለተኛው ክብር ብቻ ያለበት ሹመት ነው፤ ሹሙ በአደባባይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ በበዓል ቀን ካባ ለብሶ ይታያል እንጂ በራሱ ፈቃድ የሚያዝዘው ነገር ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን ሹመት የተቀበለ ሰው ሕዝብን ምን ሊጠቅም ይችላል? ወይስ ክብሩ እንደ ካባው የላይ ጌጥ ብቻ ነውን? ይህን ለማስተዋል በሎንዶን ከተማ ይኖር የነበረውን የጆን አርቸርን ታሪክ እናንብብ። በዚህ ትምህርት የተጻፈው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

በእኛ አገር ከንቲባ ሲባል ከተማውን የሚያስተዳድር ሹም ማለት ነው። በሎንዶን ግን ነገሩ ሌላ ነበረ። በ1899 ዓ. ም. በወጣው ሕግ፤ ከጥንታዊው የመካከል ከተማ በቀር፤ ሎንዶን በ28 ወረዳ ተከፈለ፤ ለእያንዳንዱም ወረዳ ነዋሪዎቹ የሚመርጡት ምክር ቤት ቆመለት። የወረዳውን ጕዳይ የሚቈርጠው ምክር ቤቱ ነው፤ የሚፈጽሙትም ጸሐፊዎቹና ሠራተኞቹ ናቸው። ምክር ቤቱ በየዓመቱ በኅዳር ወር አንድ ከንቲባ ይመርጣል። ከንቲባውም የጉባኤው ሊቀ መንበር ሆኖ ይቀመጣል፤ ድምፅ እኩል ለእኩል የተከፈለ እንደ ሆነ የእርሱ ድምፅ ይለያል፤ በዐንገቱ የወርቅ ሐብል አጥልቆ እንግዳ ይቀበላል፣ አዲስ የተሠራውን ቤት ይመርቃል። ዓመቱ ሲፈጸም ሐብሉን ለሚከተለው ሰው አስረክቦ ወደ ቀድሞ ወንበሩ ይመለሳል።

ጆን አርቸር በ1863 ዓ. ም. ሊቨርፑል በምትባለው በታላቂቱ የእንግሊዝ ወደብ ተወለደ። አባቱ ባርባዶስ ከሚባለው ደሴት የመጣ ጥቍር ሰው ሲሆን በመርከብ ላይ በአሳላፊነት ያገለግል ነበረ፤ እናቱም የአየርላንድ ተወላጅ ነበረች። ልጁ ባደገ ጊዜ መርከበኛ ሆኖ ብዙ አገር ዞረ። ከዚህ በኋላ በርታ ከምትባል ከካናዳ ከመጣች ጥቍር ሚስቱ ጋራ፤ ከቴምስ ወንዝ በስተ ደቡብ ባለው ባተርሲ በሚባለው ወረዳ ተቀመጠ። ባተርሲ ፋብሪካና የባቡር ሐዲድ የበዛበት፤ ብዙ ድኻ ሠራተኛ የሚኖርበት ስፍራ ነበረ። አርቸርም በዚያ ፎቶግራፍ የሚያነሣበት ቤት ከፍቶ በእጁ ሥራ ይተዳደር ጀመር።

ነገር ግን ለራሱ እንጀራ ብቻ አልኖረም። በ1900 ዓ. ም. የአፍሪካ ሰዎችና የእነርሱ ተወላጆች ስለ መብታቸው ለመምከር በሎንዶን በተሰበሰቡ ጊዜ እርሱም ከመካከላቸው ነበረ። በ1906 ዓ. ም. ላችሚር የሚባለው ሰፈር ሰዎች ለወረዳው ምክር ቤት መረጡት። በዚያም ስለ ድኻው ተሟገተ፤ ለምክር ቤቱ ሠራተኛ የሚከፈለው ደመወዝ በሳምንት ከ32 ሽልንግ እንዳያንስ ተከራክሮ አስፈቀደ። ይህን ሁሉ ቢሠራ በ1909 ዓ. ም. በተደረገው ምርጫ ወንበሩን አጣ። ሌላ ሰው ቢሆን፤ «ውለታዬን ረሱት» ብሎ ደጁን ዘግቶ በተቀመጠ ነበረ። እርሱ ግን ቂም አልያዘም፤ በ1912 ዓ. ም. ዳግመኛ ቀርቦ ተመረጠ።

በ1913 ዓ. ም. በኅዳር ወር ለከንቲባነት ታጨ። ወዲያውም ስለ መልኩና ስለ ትውልዱ ብዙ ወሬ ተነሣ። አንዳንዶቹ በበርማ አገር በራንጉን ተወለደ አሉ፤ ሌሎቹም ወላጆቹን እየጠሩ የሚያዋርድ ነገር ጻፉ። ድምፅ በተሰጠ ጊዜ በአንድ ድምፅ ብቻ በልጦ ከንቲባ ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ ቴትፎርድ በምትባል በሌላ የእንግሊዝ ከተማ አለን ሚንስ የሚባል ከባሐማስ የመጣ ሐኪም ከንቲባ ሆኖ ነበረ፤ በሎንዶን ግን ከጥቍር ሰዎች ወገን ከንቲባ የሆነ የመጀመሪያው ሰው አርቸር ነው።

አርቸር በጉባኤው ፊት ተነሥቶ ስለ ወሬው መልስ ሰጠ። በመጀመሪያ፤ የተወለድሁት እስከ ዛሬ ማንም ስሟን ባልሰማት በአንዲት ትንሽ የእንግሊዝ መንደር ነው፤ ስሟም ሊቨርፑል ይባላል ብሎ ቀለደባቸው። ሊቨርፑልን የማያውቅ እንግሊዛዊ የለምና ሰሚው ሁሉ ነገሩ ገባው። ስለ እናቱ ሲናገር ግን ቀልዱን ትቶ፤ እናቱ የበርማ ሴት እንዳልነበረችና በምድር ላይ ካሉት ታላላቅ ወገኖች ከአንዱ፤ ከአየርላንድ ሰዎች እንደ ተወለደች በግልጥ አስታወቀ። አባቱም ከምዕራብ ህንድ ደሴቶች ወገን መሆኑን አልሸሸገም። በመጨረሻም፤ ባተርሲ ሰውን በመልኩ ሳይሆን በሠራው ሥራ መመዘኑ ከሠራው ሁሉ የሚበልጥ ነው ብሎ አመሰገነ።

እዚህ ላይ ልብ አድርጉ። ስድብን በስድብ መመለስ ይችል ነበረ፤ አልመለሰም። ሹመቱን ላለማጣት ብሎ የአባቱን አገር መደበቅ ይችል ነበረ፤ አልደበቀም። አባቱንም እናቱንም በአንድ አፍ አከበረ።

በአገራችን፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባል ተረት አለ። የጆን አርቸር ኑሮ ግን ይህን ተረት ይቃወመዋል። በ1914 ዓ. ም. ሐብሉን ሲያስረክብ ሥራው አልተቋረጠም። በ1918 ዓ. ም. በሎንዶን የቆመው የአፍሪካውያን መሻሻል ማኅበር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1919 ዓ. ም. በፓሪስ በተደረገው የአፍሪካ ተወላጆች ጉባኤ ተገኘ። በ1922 ዓ. ም. ሻፑርጂ ሳክላትቫላ የሚባለው የህንድ ተወላጅ ወደ ፓርላማ እንዲገባ የራሱን የምክር ቤት ወንበር ለቆ የምርጫ ወኪል ሆነለት፤ ሳክላትቫላም ተመረጠ። አንድ ጊዜ በሐብልና በካባ የከበረ ሰው ሌላውን ሰው ለማክበር ከኋላ ቆሞ ሲሠራ ማየት እንዴት መልካም ነው!

ይህም ብቻ አይደለም። የድኾችን ርዳታ ከሚቈጣጠሩት ሰዎች አንዱ፤ የባተርሲ የእጅ ጥበብ ኮሌጅም አስተዳዳሪዎች ባልደረባ ነበረ፤ ናይን ኤልምስ በሚባለው ሰፈር የነበረውን የዋናተኞች ማኅበር እንኳ ትንሽ ነው ብሎ ሳይንቅ ፕሬዚዳንት ሆኖለታል። በ1931 ዓ. ም. ወደ ምክር ቤቱ ተመለሰ፤ በ1932 ዓ. ም. በሐምሌ ወር በሥራው ላይ ሳለ በ69 ዓመቱ ዐረፈ። በ2013 ዓ. ም. በባተርሲ ይኖርበት በነበረው ቤት ግድግዳ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተሰቀለለት።

እንግዲህ በመጀመሪያ የጠየቅነውን እንመልስ። የወርቁ ሐብል ጆን አርቸርን ደግ ሰው አላደረገውም፤ ደግነቱ ከሹመቱ በፊት የነበረ፤ ከሹመቱም በኋላ የቈየ ነው። ቢሆንም ክብሩ ከንቱ አልነበረም። መብራት በመቅረዝ ላይ ሲሆን ለሩቅ ሰው እንዲታይ፤ የእርሱም መመረጥ አሜሪካ ድረስ ተሰማ፤ በመልካቸው ምክንያት ለተናቁት ብዙዎችም ተስፋ ሆናቸው። መቅረዙ ብርሃን አይወልድም፤ ብርሃን ያለውን ግን ከፍ ያደርጋል።

እናንተም ነገ የክፍል አለቃ፣ የማኅበር ሙሴ፣ የእድር ዳኛ ትሆኑ ይሆናል። በዚያን ጊዜ፤ «ሹመቴ ስንት ሰው ያዝልኛል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ከመሾሜ በፊት ምን እሠራ ነበር? ከተሻርሁስ በኋላ ምን እሠራለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን መርምሩ።

ጥያቄ።

1. የሎንዶን ወረዳ ከንቲባ ሥራው ምን ነበረ? በእኛ አገር ካለው ከንቲባ በምን ይለያል?

2. አርቸር በ1909 ዓ. ም. ወንበሩን ባጣ ጊዜ ምን አደረገ?

3. ስለ ትውልዱ ለተወራበት ነገር እንዴት ያለ መልስ ሰጠ?

4. «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የአርቸር ኑሮ የሚቃወመው በምን ነው?