እሑድ ክፍል ያለበት አገር፦ ለዳህራን አዲስ ተማሪ

ጥያቄ፦ በደማምና በኾባር መካከል፣ ዳህራን በሚገኘው የንጉሥ ፋህድ የነዳጅና ማዕድናት ዩኒቨርሲቲ ለመማር ከአዲስ አበባ መጥቻለሁ። ሁሉም ነገር አዲስ ሆነብኝ። ጊዜዬን በከንቱ እንዳላጠፋ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ፣ ወንድሜ። መጀመሪያ ሰዓትህን ከአገሩ ጋር አስተካክል። እዚህ ዕረፍቱ ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ እሑድ እንደ አገር ቤት ብትተኛ ክፍል ያመልጥሃል። መቅረት ሲበዛ ደግሞ በሳዑዲ ዩኒቨርሲቲዎች የመጨረሻ ፈተና እስከመከልከል ያደርሳል።

ሁለተኛ፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የመሰናዶውን ዓመት «ይህንማ አውቀዋለሁ» ብለህ አትናቀው፤ የኋላው ምህንድስና የሚቆመው በእሱ መሠረት ላይ ነው። ያልገባህን ነገር ለፈተና ሳምንት አታቆየው፤ መምህሩን ቢሮው ድረስ ሄደህ ጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ከአበሻ ጓደኞችህ ጋር ቡና መጠጣቱ ናፍቆት ያስታግሳል፤ ነገር ግን ለጥናት ከሌላ አገር ልጆች ጋርም ተቀመጥ። አረብኛ በየቀኑ ጥቂት ቃል ልመድ፤ በሱቅና በታክሲ ይጠቅምሃል።

አራተኛ፣ ከዶርም ወጥተህ አካባቢህን እይ። የሳዑዲ ነዳጅ በ1938 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት የፈለቀው እዚሁ ዳህራን፣ «ደማም ቁጥር 7» ከተባለው ጉድጓድ ነው። በአካባቢው የቆመው የንጉሥ አብዱልአዚዝ የዓለም ባህል ማዕከል፣ ኢትራ፣ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም አለው። አእምሮህ ሲደክም የኾባር ኮርኒሽ (የባሕር ዳር መናፈሻ) የባሕር ነፋስ ያድስሃል።

በመጨረሻም የኢቃማህን (የመኖሪያ ፈቃድህን) ማብቂያ ቀን እንደ ፈተና ቀን መዝግበህ ያዝ።