የነጋዴ ድረ ገጽ፤ ስለ ቦታው አያያዝና ስለ ማዘጋጃው ሶፍትዌር

በጌዴኦ ዞን፥ ከይርጋ ጨፌ ወደ ደቡብ አለፍ ብሎ የሚገኘው የገደብ ወረዳ በቡናው ምክንያት ስሙ በውጭ አገር የተሰማ ነው። ወርቃ፥ ባንኮ ጎቲቲና ሃሎ በሪቲ የተባሉት ቀበሌዎች ስማቸው በአውሮፓና በአሜሪካ በቡና ከረጢት ላይ ታትሞ ይነበባል። ነገር ግን የቀበሌው ስም ይህን ያህል ሲታወቅ፥ እሸቱን ገዝቶ፥ አጥቦና አድርቆ ለገበያ የሚያበቃው ነጋዴ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል። የውጭ ገዢ ናሙናውን ቀምሶ ከወደደ በኋላ የሻጩን ስም በኢንተርኔት ይፈልጋል። በዚያም ምንም ያላገኘ እንደ ሆነ ይጠራጠራል፤ ሌላ ሰው በነጋዴው ስም ያወጣውን ያገኘ እንደ ሆነ ደግሞ ይታለላል። ስለዚህ ነጋዴ የገዛ ራሱን ድረ ገጽ እንዴት እንደሚይዝና እንዴት እንደሚያዘጋጅ ማወቅ ይገባዋል።

ስም የንግድ ሀብት መሆኑን ኢትዮጵያ በራሷ ላይ ከደረሰው ተምራለች። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋ ጨፌ፥ ሲዳሞና ሐረር የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ማመልከቻ አቀረበ፤ ከብዙ ክርክር በኋላም እ.ኤ.አ. በ2007 ስታርባክስ ከተባለው ኩባንያ ጋር በስሞቹ አጠቃቀም ላይ ስምምነት ተፈራረመ። ስሙን አስቀድሞ ያላስመዘገበ በኋላ ለማስመለስ ብዙ ይደክማል። ይህም ለአገር እውነት እንደ ሆነ ሁሉ ለአንድ ነጋዴም እውነት ነው።

ድረ ገጽ ለማቆም ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ እነዚህም በሱቅ ቢመሰሉ በቀላሉ ይገባሉ። 1ኛ፤ ዶሜይን የሚባለው የአድራሻ ስም ነው፤ እርሱም እንደ ሱቅ ታፔላ ይቆጠራል። ኢቲ በሚለው የሚያበቃው የኢትዮጵያ አድራሻ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ይመዘገባል፤ ኮም በሚለው የሚያበቃው ደግሞ ከልዩ ልዩ መዝጋቢዎች ይገኛል። 2ኛ፤ ሆስቲንግ የሚባለው ቦታ ነው፤ ይኸውም ሌሊትና ቀን በማይዘጋ ሰርቨር ላይ የሚከራዩት ክፍል ማለት ነው። 3ኛ፤ ማዘጋጃው ሶፍትዌር ነው፤ ይህም ክፍሉን አስተካክለው ዕቃውን የሚደረድሩበት መሣሪያ ነው።

ከሦስቱ ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የመጀመሪያው ነው። አንድ ነጋዴ ጊዜ በማጣት ሥራውን ለባለሙያ ሰጠ፤ ባለሙያውም አድራሻውን በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል አስመዘገበው እንበል። ባለሙያው ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድ ወይም በሒሳብ ቢጣሉ፥ የዓመቱን ክፍያ የሚጠይቀው ማስታወቂያ ለነጋዴው አይደርሰውም። የክፍያው ጊዜ ሲያልፍ አድራሻው ይዘጋል፤ ቆይቶም ሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል። ያን ጊዜ ገዢዎች በቀድሞው አድራሻ የሚልኩት ደብዳቤ ከማይታወቅ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ አድራሻው በንግድ ፈቃዱ ላይ ባለው ስም ይመዝገብ፤ ኢሜይሉም የባለቤቱ ይሁን፤ የሚታደስበት ቀን በሒሳብ መዝገብ ላይ ይጻፍ። ለባለሙያ ሥራው ይሰጠዋል እንጂ ባለቤትነቱ አይሰጠውም።

ቦታው ከተከራየ በኋላ ከሰርቨሩ ጋር ለመገናኘት አምስት ነገሮችን ከአከራዩ መቀበል ያስፈልጋል፤ እነርሱም የሰርቨሩ ስም፥ የተጠቃሚ ስም፥ የይለፍ ቃል፥ የፖርት ቁጥርና ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ፎልደር ናቸው። እነዚህ ሁሉ ፋይልዚላን በመሰለ የመላኪያ ሶፍትዌር ውስጥ በየቦታቸው ይሞላሉ። ኤፍ ቲ ፒ የተባለው የቆየ የመላኪያ ዘዴ በተለመደው አሠራር በፖርት 21 ይሠራል፤ ነገር ግን የይለፍ ቃሉን ሳይሸፍን ስለሚልከው በመንገድ ላይ ሊነበብ ይችላል። ኤስ ኤፍ ቲ ፒ የተባለው፥ በፖርት 22 የሚሠራው፥ ሁሉን በምስጢር ስለሚልክ እርሱን መምረጥ ይገባል። ግንኙነቱ በደኅና ሲፈጸም በግራ በኩል የራስ ኮምፒዩተር፥ በቀኝ በኩል የሰርቨሩ ፎልደር ይታያል፤ ከግራ ወደ ቀኝ የተሳበው ፋይል ይላካል።

ማዘጋጃው ሶፍትዌር ሁለት ዓይነት ነው። ወርድፕረስን የመሰለው አብዛኛውን ጊዜ በሰርቨሩ ላይ ስለሚተከል ያለ መስመር አይሠራበትም። ሁለተኛው ዓይነት በራስ ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ ገጹ ተጽፎ ካለቀ በኋላ የሚላክበት ነው። መብራትና መስመር በሚቆራረጥበት ስፍራ ላለ ነጋዴ ሁለተኛው ይስማማዋል። ገጹ ገደብ ላይ ታርሞ ያድራል፤ መስመር ሲገኝ፥ ወይም ጸሐፊው ለጉዳይ ወደ ዲላ ሲወርድ በጥቂት ደቂቃ ይላካል። ከዚህም በላይ ዋናው ቅጂ በነጋዴው እጅ ስለሚቀር፥ ሰርቨሩ ቢበላሽ ወይም አከራዩ ቢቀየር ገጹ አይጠፋም።

በአዘገጃጀቱ ጊዜ ሦስት ነገሮች ሊዘነጉ አይገባም። የፋይሎች ስም በላቲን ትንንሽ ፊደላት፥ ያለ ባዶ ቦታ ይጻፍ፤ ብዙ ሰርቨሮች ትልቁንና ትንሹን ፊደል ለይተው ያያሉና። ገጹ ዩ ቲ ኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ ይቀመጥ፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ከተባለው የዓለም የፊደል ሠንጠረዥ ስለ ገባ በዚህ አጻጻፍ አማርኛው ሳይበላሽ ይነበባል። ፎቶግራፎችም ሳይላኩ ይቀነሱ። እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት የሆኑ 10 ፎቶግራፎች በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ከ5 ደቂቃ በላይ ይፈጃሉ፤ ወደ 200 ኪሎባይት ቢቀነሱ ግን 16 ሴኮንድ ያህል ይበቃቸዋል። ገዢውም ገጹን ሲከፍት በዚያው ልክ ከመጠበቅ ይድናል።

በገጹ ላይ የሚጻፈው አጭርና እውነተኛ ይሁን፤ ቡናው የተገኘበት ቀበሌ፥ የቦታው ከፍታ፥ የታጠበ ወይም ያልታጠበ መሆኑ፥ የመኸሩ ዓመት፥ የፈቃዱ ዓይነትና ስልክ ይበቃል። ከሰነዱ የሚለይ ቃል በገጹ ላይ ቢገኝ ከአለመጻፍ ይልቅ ይጎዳል። አታላዮች ከእውነተኛው በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ አድራሻ እያወጡ የባንክ ሒሳብ ተለውጧል በማለት ገንዘብ ስለሚወስዱ፥ የሒሳብ ለውጥ በስልክ ቃል በቃል ሳይረጋገጥ እንደማይጸና ለገዢዎች አስቀድሞ ይገለጽላቸው።

በመጨረሻም የይለፍ ቃሉ፥ የአድራሻው የምዝገባ ወረቀትና የገጹ ቅጂ በአንድ ፖስታ ታሽገው ከንግድ ፈቃዱ ጋር በካዝና ይቀመጡ። ጸሐፊ ቢለወጥ፥ ባለሙያ ቢሄድ፥ የነጋዴው ስም በነጋዴው እጅ ይኖራል።