የአሠራርን ቅደም ተከተል መጻፍ

ስለ አንድ ሥራ ስትጽፉ አንባቢያችሁ ያን ሥራ አይቶት እንደማያውቅ ቁጠሩ። ጽሑፋችሁን ይዞ ወደ ማሳ ቢወርድና አንዱ ዐረፍተ ነገር ያለቦታው ቢገኝ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። የሚከተለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ ባሉት የጉራጌ ገጠሮች የእንሰት ማሳ በአብዛኛው የሚዘጋጀው በበሬ ሳይሆን በሰው ጉልበት ነው። የደረሰው እንሰት ተነሥቶ ለቆጮ ከተፋቀ በኋላ፣ በሰውና በከብት እግር የተረገጠው መሬት ጠጥሮ ይቀራል። በበጋው ወራት ወንዶች በደቦ ተሰብስበውና ጎን ለጎን ተሰልፈው መቆፈሪያቸውን በአንድነት ይሰነዝራሉ፤ ጓሉንም ፈንቅለው ይገለብጡታል። የተገለበጠው ጓል ሳይነካ ፀሐይ ይመታዋል፤ ሥሩ ወደ ላይ የዞረው ሰርዶም ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ማሳው ዳግመኛ ተቆፍሮ ጓሉ ይከሰከሳል፤ የደረቀው ሥር ይለቀማል፤ ፍግም ይበተናል። የበልግ ዝናብ ሲጥል፣ ተቀብሮ ከቆየው አሚቾ የበቀሉት ችግኞች ከመደባቸው ተነቅለው ወደዚህ ማሳ ይዛወራሉ።

ጓሉ በተገለበጠበት ቀን ያልተከሰከሰው ለምን ይመስላችኋል? ሰርዶ በእርጥብነቱ ከተቆራረጠ እያንዳንዱ ቁራጭ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ አንድ የነበረው አረም መቶ ይሆናል። እንግዲህ በአንቀጹ ውስጥ «ከዚያ በኋላ» የሚለው ሐረግ ዐረፍተ ነገር ለማያያዝ ብቻ የገባ አይደለም። ፀሐይ ሥራዋን እስክትጨርስ ያለውን የመጠበቂያ ጊዜ ያመለክታል። ብዙ ተማሪዎች ይህን ሐረግ በየመስመሩ ይደጋግሙታል፤ መጠበቅ በሌለበት ቦታ «ና» ወይም ቦዝ አንቀጽ ይበቃል።

በቦዝ አንቀጽ ስትጠቀሙ ግን ባለቤቱን አትርሱ። አንድ ተማሪ፣ «መሬቱ ተቆፍሮና ፍግ ጠጥቶ ተተከለ» ሲል ጽፎ ነበር። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጁ ግን ምን እንዳሳቃቸው አልገባውም። «ተቆፍሮ»፣ «ጠጥቶ» እና ማሰሪያ አንቀጹ «ተተከለ» ባለቤታቸው አንድ ስለሆነ፣ የተተከለው መሬቱ ሆኖ ቀረ! «መሬቱ ተቆፍሮ ፍግ ከጠጣ በኋላ ችግኙ ተተከለ» ቢል ኖሮ ሁሉም ቦታውን ይይዝ ነበር።

ስለ ቃላት አመራረጥም አንድ ነገር እናንሣ። በአንቀጹ ውስጥ «አረሱ» የሚል ቃል አልገባም፤ ማረስ በተለመደው አነጋገር የበሬና የሞፈር ሥራ ነውና። በበሬ የሚያርስ ገበሬ ያደረ መሬት መጀመሪያ ሲከፍት «ገመሰ» ይባላል። ለየሥራው የራሱ ግሥ እያለ ሁሉንም «ሠራ» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው።

መልመጃ

፩. ከአንቀጹ ውስጥ ቦዝ አንቀጾችን አውጥታችሁ የእያንዳንዱን ባለቤት ጻፉ።

፪. «ጓሉን ከስክሰው ፀሐይ እንዲመታው ተዉት» እና «ጓሉን ፀሐይ ከመታው በኋላ ከሰከሱት» በሚሉት መካከል ያለውን የትርጉም ልዩነት አስረዱ። በማሳው ላይ የሚያስከትለውንም ግለጹ።

፫. በሠፈራችሁ የጠጠረ መሬት እንዴት እንደሚለሰልስ አንድ ገበሬ ጠይቃችሁ፣ የነገሯችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ መልሳችሁ አንብቡላቸው፤ የሚያርሟችሁንም አስተካክሉ።